ስፒናው ገጠመ ማለት ዕቃው ይሠራል ማለት አይደለም፦ በውጭ አገር ጉዞ የኤሌክትሪክ ዕቃን ያለ አደጋ የመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

ከአገር በወጡ በመጀመሪያው ምሽት የፀጉር ማድረቂያቸው የሚቃጠልባቸው፣ ላፕቶፓቸውን ሲነኩ የሚነዝራቸው ወይም የሆቴሉን ብሬከር የሚጥሉ ተጓዦች አብዛኞቹ ግድ የለሽ ሰዎች አይደሉም። አዳፕተር ገዝተዋል፤ ስፒናቸውም ከሶኬቱ ጋር ገጥሟል፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። አዳፕተር የሚለውጠው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ሲሆን፣ ከግድግዳው የሚመጣውን ቮልቴጅም ሆነ ፍሪኩዌንሲ (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ በሄርዝ የሚለካበት) ፈጽሞ አይነካም። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይሥሩ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከቤት ሳይወጡ የሚጠናቀቁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ

ይዘው ሊሄዱ ያሰቡትን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ከነቻርጀሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። የእያንዳንዱ ዕቃ የኤሌክትሪክ መግለጫ በጀርባው፣ በሥሩ ወይም በቻርጀሩ አካል ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ለዓይን ካስቸገረ በስልክ ፎቶ አንሥተው አጉልተው ያንብቡት። የሚፈልጉት «ኢንፑት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው። «አውትፑት» ከሚለው ቃል ጎን ያለው 5 ወይም 20 ቮልት ቻርጀሩ ለስልክዎ ወይም ለላፕቶፕዎ የሚሰጠው እንጂ ከግድግዳ የሚቀበለው ስላልሆነ፣ እርሱን አይተው አይወስኑ።

የሚያገኙት ጽሑፍ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል።

1. ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ። ይህ ዕቃ በማንኛውም አገር መብራት ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የስፒና ቅርጽ መቀየሪያ ብቻ ነው። የስልክ፣ የላፕቶፕና የካሜራ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

2. አንድ ቮልቴጅ ብቻ፣ ለምሳሌ 120 ቮልት ወይም ከ220 እስከ 240 ቮልት። ይህ ዕቃ ከተጻፈለት ቮልቴጅ ውጭ አይሰካም። የሚሄዱበት አገር መብራት የተለየ ከሆነ ወይ ቤት ይተዉት፣ ወይ በደረጃ 4 የተገለጸውን ቮልቴጅ የሚቀይር ትራንስፎርመር ያዘጋጁለት።

3. ሁለት ቮልቴጅ በእዝባር ተከፍሎ፣ ለምሳሌ 120/240 ቮልት። በዚህ ጊዜ ዕቃው ላይ መምረጫ ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ በሳንቲም ወይም በጠፍጣፋ መፍቻ የምትዞር ትንሽ ቁልፍ ናት። እርስዎ ካላዞሯት በራሷ አትዞርም፤ 120 ላይ እንዳለች 230 ቮልት ላይ የተሰካ ዕቃ ወዲያው ይቃጠላል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት በስሌት ይታያል። ሙቀት በሚሰጥ ዕቃ ላይ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ለ120 ቮልት የተሠራ ባለ 1,200 ዋት የፀጉር ማድረቂያ 240 ቮልት ላይ ቢሰካ 4,800 ዋት ለመሳብ ይሞክራል፤ ሽቦው ግሎ የሚበጠሰው ወይም ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ለ230 ቮልት የተሠራ ባለ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ 115 ቮልት ላይ 500 ዋት ብቻ ስለሚያገኝ ውሃው ቶሎ አይፈላም እንጂ አይቃጠልም። ይሁን እንጂ ሞተር ያለው ዕቃ በአነስተኛ ቮልቴጅም ሲታገል ሊግልና ሊበላሽ ስለሚችል፣ «ቮልቴጁ ቢያንስ አይጎዳም» ብለው አይዘናጉ።

የእያንዳንዱን ዕቃ የዋት መጠንም ይመዝግቡ። ዋት ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፔሩ ያባዙት።

ደረጃ 2፦ የሚሄዱበትን አገር መብራት ይወቁ

ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ያጣሩ፦ ቮልቴጁን፣ ፍሪኩዌንሲውንና የሶኬቱን ቅርጽ።

አብዛኛው የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የእስያ ክፍል ከ220 እስከ 240 ቮልት በ50 ሄርዝ ይጠቀማል። አሜሪካና ካናዳ 120 ቮልት በ60 ሄርዝ፣ ታይዋን 110 ቮልት በ60 ሄርዝ ናቸው። ጃፓን 100 ቮልት ስትሆን በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ፍሪኩዌንሲ አላት፤ ቶኪዮ 50፣ ኦሳካ ደግሞ 60 ሄርዝ ናቸው። ደቡብ ኮሪያ 220 ቮልት ይዛ 60 ሄርዝ ትጠቀማለች። ብራዚል ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ እንደ ከተማው 127 ወይም 220 ቮልት ሊሆን ይችላልና፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሚያርፍበትን ቤት አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን መያዝ ይኖርበታል።

ፍሪኩዌንሲ ለቻርጀርና ለማሞቂያ ዕቃ ግድ የለውም። ችግር የሚፈጥረው ሰዓቱን ከመብራቱ ለሚቆጥርና በመብራት ፍሪኩዌንሲ ለሚሽከረከር ሞተር ነው። ለ60 ሄርዝ የተሠራ እንዲህ ያለ የግድግዳ ሰዓት 50 ሄርዝ ላይ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ትራንስፎርመርም ቮልቴጅን እንጂ ፍሪኩዌንሲን አይለውጥም።

የሶኬት ቅርጾች በዓለም አቀፍ ደረጃ በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራሉ። ሁለት ጠፍጣፋ ቀጥ ያሉ እግሮች ያሉት ዓይነት ኤ፣ በእነዚህ ላይ ክብ የመሬት እግር የተጨመረበት ዓይነት ቢ ሲሆኑ፣ በአሜሪካና በካናዳ የሚያገኟቸው እነዚህ ናቸው። ሁለት ክብ ቀጫጭን እግሮች ያሉት ዓይነት ሲ፣ ወፍራምና ከጎኑ የመሬት መስመር መንኪያ ያለው ዓይነት ኤፍ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ይገኛሉ። ሦስት አራት ማዕዘን እግሮች ያሉት ዓይነት ጂ የብሪታኒያ፣ የኬንያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነው። ጠፍጣፋ እግሮቹ የተንጋደዱት ዓይነት አይ የአውስትራሊያ ነው። ስዊዘርላንድና ጣሊያን ደግሞ ለራሳቸው የተለየ ባለ ሦስት እግር ቅርጽ አላቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቅርጹ ተነሥተው ቮልቴጁን አይገምቱ። ዓይነት ኤ በአሜሪካ 120 ቮልት ይሰጣል፤ በቻይና ግን ያው ሁለት ጠፍጣፋ እግር የሚገባበት ሶኬት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የተገዛ ባለ 120 ቮልት ዕቃ ቻይና ውስጥ ያለ አንዳች አዳፕተር ሰተት ብሎ ይገባል፤ ከዚያም ይቃጠላል።

ደረጃ 3፦ የሚቀረውን ዕቃ ይለዩ

ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ትንሽ ምድጃና ትልቅ የፀጉር ማድረቂያ ቤት ይቅሩ። ብዙ ኃይል ይስባሉ፤ ብዙ ማረፊያ ቤቶችም በክፍል ውስጥ መጠቀምን ይከለክላሉ። የፀጉር መተኮሻ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ከባድ ትራንስፎርመር ከሚሸከም ይልቅ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መተኮሻ ቢገዛ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ ሰዎች የማይጠረጥሩት ዕቃ ማከፋፈያ፣ ማለትም ከአንድ ሶኬት ብዙ ዕቃ የሚሰካበት ገመድ ነው። ለ120 ቮልት አገር የተሠራና የመብራት ግፊት መከላከያ የተገጠመለት ማከፋፈያ 230 ቮልት ላይ ሲሰካ፣ ውስጡ ያለው መከላከያ የመጣውን መብራት ሁሉ እንደ አደገኛ ግፊት ቆጥሮ ለመዋጥ ይሞክርና ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ላፕቶፕዎ 240 ቮልት ቢችልም ማከፋፈያው ላይችል ይችላልና፣ በእርሱም ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ደረጃ 4፦ አዳፕተርና ትራንስፎርመር ይምረጡ

ለእያንዳንዱ አገር ለብቻው የተሠራ አንድ ጠንካራ አዳፕተር፣ ሁሉን እችላለሁ ከሚል ተንሸራታች አዳፕተር ይልቅ ሶኬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ እኔ ሁልጊዜ የምመክረው እርሱን ነው። ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ።

የመጀመሪያው የመሬት መስመር ነው። የዕቃዎ ስፒና ሦስት እግር ወይም ከጎኑ የብረት መንኪያ ካለው፣ ያ ክፍል ዕቃው ሲበላሽ መብራቱ በእርስዎ ሰውነት ሳይሆን በመሬት ሽቦ እንዲያልፍ የሚያደርግ መከላከያ ነው። ብዙ ሁለገብ አዳፕተሮች ሦስቱንም እግር ይቀበላሉ፤ የመሬቱን መስመር ግን ወደ ግድግዳው አያሻግሩም። ስለዚህ የመሬት መስመር እንዳለው በግልጽ የተጻፈበትን ብቻ ይምረጡ። አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣለ ባለ ሁለት አራት ማዕዘን ምልክት ያለበት ዕቃ ግን ድርብ ሽፋን ያለው በመሆኑ የመሬት መስመር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የአምፔር መጠኑ ነው። 10 አምፔር የተባለ አዳፕተር በ230 ቮልት እስከ 2,300 ዋት፣ በ110 ቮልት ግን እስከ 1,100 ዋት ብቻ ይሸከማል። በደረጃ 1 ከመዘገቡት የዋት መጠን ጋር ያነጻጽሩት።

ቮልቴጅ መቀየር የግድ ከሆነ፣ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች እንዳሉ ይወቁ። ቀላሉና ትንሹ ኤሌክትሮኒክ ኮንቨርተር የመብራቱን ሞገድ እየቆራረጠ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ ለጥቂት ደቂቃ ለሚሠራ ተራ ማሞቂያ ዕቃ ብቻ ይሆናል፤ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ወይም ሞተር ያለውን ዕቃ ያበላሻል። ብረት ልብ ያለው ከባዱ ትራንስፎርመር ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ዕቃም ያገለግላል። የትራንስፎርመሩ የዋት መጠን ከዕቃው ቢያንስ በሩብ ይብለጥ፤ ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ ስለሚስብ፣ ለእርሱ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ያድርጉት። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጅ የሚቀንስ ነው ወይስ የሚጨምር የሚለውንም ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።

የሕክምና መሣሪያ ይዘው ከሆነ፣ ለምሳሌ በእንቅልፍ ጊዜ የሚያግዝ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ በግምት አይሥሩ፤ የአምራቹን መመሪያ ያንብቡ፤ አየር መንገዱንም ከጉዞው ቀናት በፊት ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ባትሪዎችን በትክክለኛው ሻንጣ ይያዙ

ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይሄዳሉ፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገቡም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባትሪ በእሳት ቢያያዝ በተሳፋሪዎች ክፍል ሠራተኞቹ ይደርሱበታል፣ በጭነት ክፍል ግን አይደርሱበትም።

መጠኑ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው አይፈቀድም። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈው ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ከሆነ በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉት፤ 20,000 የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ጽሑፉ የተፋቀ ፓወር ባንክ ፍተሻ ላይ ሊወረስ ስለሚችል ይዘው አይሂዱ።

ደንቦቹ እየጠበቁ ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2025 ጀምሮ በአየር መንገዶቿ ላይ ፓወር ባንክ ከላይ ባለው የዕቃ መደርደሪያ እንዳይቀመጥ አግዳለች፤ ቻይናም ከዚያው ዓመት ሰኔ 28 ጀምሮ የአገሪቱ የጥራት ምልክት የሌለበትን ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ ከልክላለች። ስለዚህ ቀጥታ በረራውን ብቻ ሳይሆን በመሸጋገሪያው አገር የሚሳፈሩበትን አየር መንገድ ደንብ ጭምር ያንብቡ። የትርፍ ባትሪዎችን ጫፎች በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋርም አያቀላቅሏቸው።

ስልክዎ በአውሮፕላን መቀመጫ ስንጥቅ ውስጥ ቢገባ መቀመጫውን አያንቀሳቅሱ። ባትሪው ሊጨፈለቅና ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሠራተኞቹን ይጥሩ።

ደረጃ 6፦ ክፍሉ እንደገቡ ሶኬቱን ይመርምሩ

ምንም ከመሰካትዎ በፊት ሶኬቶቹን በዓይንዎ ይዩ። የጠቆረ፣ የቀለጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለ ወይም የሚጤስ ሽታ ያለው ሶኬት ካለ አይንኩት፤ ለእንግዳ መቀበያው ይናገሩና ክፍል ያስለውጡ። ራስዎ ሊያጠብቁት አይሞክሩ። የክፍሉ ብሬከር የት እንደሆነም በዚያው ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ የተለመደ ጥፋት ላንሣ። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ላይ ባለ ሁለት እግር ስፒና አልገባ ሲል፣ ብዙ ሰው በላይኛው የመሬት ቀዳዳ ውስጥ እስክሪብቶ ከትቶ የሶኬቱን መዝጊያ በመክፈት ስፒናውን ይገፋዋል። መብራቱ ይመጣል፤ ስለዚህም መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን መዝጊያው የተሠራው ሕፃን ልጅ መብራቱ ጋር እንዳይደርስ ነው፤ ያለ ልኩ የገባው ክብ እግርም ስለሚላላ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ይግላል፣ ቀስ በቀስም ሶኬቱን ያቀልጠዋል። እባክዎ ይህን አያድርጉ፤ ለልጆችዎም አያሳዩ። ትክክለኛው አዳፕተር ከሌለዎት እንግዳ መቀበያው ጋር ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ያውሳሉ።

ደረጃ 7፦ በዚህ ቅደም ተከተል ይሰኩ

1. እጅዎ ደረቅ መሆኑን፣ ገመዱም ያልተላጠና ያልተቆረጠ መሆኑን ያረጋግጡ።
2. ዕቃውን ያጥፉ። የቮልቴጅ መምረጫ ካለው በትክክለኛው ላይ ያድርጉት።
3. በመጀመሪያ የዕቃውን ስፒና ከአዳፕተሩ ጋር ያጋጥሙ፤ ከዚያ በኋላ አዳፕተሩን ግድግዳው ላይ ይሰኩ። እንዲህ ካደረጉ መብራት ባለበት አዳፕተር ላይ እጅዎ አይሠራም።
4. ሶኬቱ የራሱ ማብሪያ ካለው ያብሩት፤ በመጨረሻ ዕቃውን ያብሩ። ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን፣ ቀጥሎ ዕቃውን ያብሩ።
5. ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አይራቁ። አዳፕተሩን በእጅዎ ጀርባ ነካ ያድርጉት፤ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ለመንካት የሚያስቸግር ከሆነ ግን በሶኬቱ ማጥፊያ ወይም በብሬከሩ መብራቱን አጥፍተው ይንቀሉት።
6. ሲነቅሉ በተቃራኒው ይሂዱ፤ ዕቃውን ያጥፉ፣ የሶኬቱን ማብሪያ ይዝጉ፣ ከዚያም ገመዱን ሳይሆን የአዳፕተሩን አካል ይዘው ይሳቡ።

አዳፕተር በአዳፕተር ላይ፣ ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ አይደራርቡ። ስልክ በትራስ ሥር ወይም በብርድ ልብስ ውስጥ ቻርጅ አያድርጉ። ቻርጀሩ ሲሰካ አንድ ጊዜ ብልጭ ማለቱ አያስፈራም፤ የማያቋርጥ የመንጫጫት ድምፅ ግን ሶኬቱ እንደላላ ያመለክታልና ይተዉት።

ደረጃ 8፦ መታጠቢያ ቤት

በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የመላጫ ሥዕል ያለበት ሶኬት ለጺም መላጫና ለጥርስ ብሩሽ ብቻ የተሠራ ነው፤ 115 እና 230 ቮልት ተብሎ ሁለት መሰኪያ ቢኖረውም የሚሰጠው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ የፀጉር ማድረቂያ አይችልም። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ያሉበት ሶኬት ካዩ፣ መብራት ወደ ሰው ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ ነው። ውሃ ውስጥ የወደቀ ዕቃ እንደተሰካ ካለ እጅዎን አይስደዱ፤ በብሬከሩ ካጠፉ በኋላ ብቻ ያውጡት።

ችግር ሲያጋጥም

ምንም አይሠራም። የሶኬቱን ማብሪያ፣ በበሩ አጠገብ የሚገባውን የክፍል ካርድና የአዳፕተሩን ፊውዝ በየተራ ይዩ። በብዙ ሆቴሎች ካርዱ ሲወጣ ሶኬቶቹም አብረው ስለሚጠፉ፣ ቻርጅ ላይ ትተውት የወጡት ስልክ ባዶውን ሊጠብቅዎ ይችላል። ፊውዝ ሲቀይሩ ያንኑ አምፔር ይጠቀሙ፤ በብር ወረቀት ወይም በሽቦ ፈጽሞ አይተኩት።

ብሬከሩ ወደቀ። የሰኩትን ሁሉ ይንቀሉ፤ ብሬከሩን አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሱ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ይሰኩ። ብሬከሩን ዳግም የጣለው ዕቃ ጥፋተኛው እርሱ ነው፤ በጉዞው ላይ አይጠቀሙበት።

ላፕቶፑ ይነዝራል። ባለ ሁለት እግር ቻርጀርና የብረት አካል ባላቸው ዕቃዎች ላይ የሚሰማ ቀላል መንዘር፣ በቻርጀሩ ውስጥ ካለው ማጣሪያ የሚመጣ እጅግ ጥቂት ፍሳሽ ነው። የመሬት መስመር ያለው ገመድና አዳፕተር ሲጠቀሙ ይጠፋል። ንዝረቱ ጠንካራ ከሆነ ግን ወዲያው ይንቀሉት፤ ደግመውም አይሰኩት።

የመቃጠል ሽታ ወይም ጭስ መጣ። የሚቻል ከሆነ በሶኬቱ ማብሪያ ወይም በብሬከሩ ያጥፉ፤ የሚግለውን ስፒና አይያዙ። መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ አያፍስሱ፤ የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ይጠቀሙ። ነበልባሉ ከዕቃው ካለፈ በሩን ዘግተው ይውጡና ሌሎችን ያንቁ።

ባትሪው አበጠ። ቻርጅ ማድረጉን ያቁሙ፤ አይውጉት፣ አይጫኑት፣ ይዘውትም አውሮፕላን አይሳፈሩ። ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡና የሆቴሉ ሠራተኞች የት እንደሚወገድ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ።

ሰው በኤሌክትሪክ ተያዘ። ልብዎ ቢቸኩልም በባዶ እጅ አይንኩት፤ እርስዎም ይያዛሉ። መጀመሪያ መብራቱን ይቁረጡ፤ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ወይም በደረቅ ፕላስቲክ ከመብራቱ ያላቁት። ከዚያ ለአስቸኳይ እርዳታ ይደውሉ፦ በአውሮፓ 112፣ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በብሪታኒያ 999፣ በጃፓን ለአምቡላንስ 119፣ በአውስትራሊያ 000። የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ እስኪደርስ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በጥንካሬ ይጫኑ። ተነሥቶ ደህና ነኝ ቢልም የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላልና ሐኪም ይየው።

ከውጭ ገዝተው ለሚመለሱ

በጉዞ ላይ የሚገዙት ዕቃ ለዚያ አገር መብራት የተሠራ ነው። የምግብ መፍጫ ወይም የፀጉር ዕቃ በስጦታ ከመግዛትዎ በፊት፣ ዋጋውን ሳይሆን መጀመሪያ ሥሩን ገልብጠው ቮልቴጁን ያንብቡ፤ ዕቃው ወደሚሄድበት አገር መብራት ካልገጠመ ስጦታው ተቀባዩን ለአደጋ ያጋልጣል። የግድ ከገዙት ደግሞ ቮልቴጁን በጉልህ ጽፈው ስፒናው ላይ ይለጥፉ። የቮልቴጅ መምረጫ ያላቸውን ዕቃዎችም ሻንጣው ሲፈታ ሳይሆን ገና ሻንጣው ሲታሰር፣ ወደሚመለሱበት አገር ቮልቴጅ ያዙሯቸው።